ወንበርና እንቅስቃሴ፤ የፔተር ኦፕስቪክ ሥራ ሲመዘን

የሰውን ልጅ ልማድ የሚመረምሩ ሊቃውንት ስለ ምግቡ፥ ስለ ልብሱና ስለ ቤቱ ብዙ ሲጽፉ ስለ አቀማመጡ የጻፉት ግን ጥቂት ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ በ1934 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባሰማው ንግግር አካሄድም ሆነ አቀማመጥ ከተፈጥሮ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን በትምህርት የሚወረስ መሆኑን አመለከተ። አሜሪካዊው ጎርደን ሂውዝም በ1955 ዓ.ም. የአቀማመጥና የአቋቋም ልማዶች በዓለም ላይ እንዴት እንደ ተሠራጩ ዘርዝሮ፥ በወንበር መቀመጥ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ መሆኑን አሳየ። ኖርዌያዊው የቤት ዕቃ ነዳፊ ፔተር ኦፕስቪክ የሠራቸው ወንበሮችም ሊመዘኑ የሚገባቸው በዚሁ ሚዛን ነው።

የኦፕስቪክ መነሻ፥ ለሰው አንድ ብቻ ትክክለኛ አቀማመጥ የለውም፤ የሚበጀው ከአንዱ ወደ ሌላው መዘዋወር ነው የሚል ነው። በ1972 ዓ.ም. የወጣው «ትሪፕ ትራፕ» የተባለው የልጆች ወንበር መቀመጫውና የእግር መርገጫው ከልጁ ዕድገት ጋር እየተስተካከለ ከፍና ዝቅ ይላል። እግሩ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ልጅ እንደ ልቡ ሊገላበጥ አይችልም፤ መርገጫ ያገኘ ግን ራሱን ችሎ ይነሣል፥ ይቀመጣል፥ ወደ ገበታውም ይጠጋል። በ1979 ዓ.ም. የቀረበው «ቫሪያብል ባላንስ» ደግሞ ከሃንስ ክርስቲያን ሜንግስሁል ሐሳብ የመነጨ ነው። መደገፊያ የለውም፤ መቀመጫው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ቅልጥም በትራስ ላይ ያርፋል፤ ከሥሩም እንደ ቀስት የጎበጡ ሁለት እንጨቶች ስላሉት አካል ወዳዘነበለበት አብሮ ያዘነብላል። በ1984 ዓ.ም. የወጣው «ካፒስኮ»ም የፈረሰኛን አቀማመጥ በማሰብ መቀመጫው በኮርቻ አምሳል የተቀረጸ ነው።

የዚህ ሥራ ዋጋ ሊካድ አይገባም። ጭንና ደረት በዘጠና ዲግሪ ማእዘን ሲገናኙ ዳሌ ወደ ኋላ ይዞራል፤ የወገብም ተፈጥሯዊ ቅርጽ ይጠፋል። ዴንማርካዊው ሐኪም መንዳል በተለይ ስለ ተማሪዎች መቀመጫ አጥብቆ የተከራከረው በዚህ ምክንያት ነበር። ወደ ፊት ያዘነበለው መቀመጫ ማእዘኑን ስለሚያሰፋ ወገብን ያቃናል። ከዚህም በላይ ኦፕስቪክ፥ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ብቻ መልካም ነው የሚለውን የቆየ ትምህርት በእንጨትና በጨርቅ ተቃውሞታል።

ነገር ግን ወንበሩ እንቅስቃሴን ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም። በሰሜን ታንዛኒያ በአደንና በለቀማ የሚኖሩትን የሀድዛን ሰዎች የመረመሩ ሊቃውንት በ2020 ዓ.ም. እንደ ገለጡት፥ እነዚህ ሰዎች በቀን ዐሥር ሰዓት ያህል ያርፋሉ፤ ይህም በኢንዱስትሪ አገሮች ከሚታየው ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ግን አዘውትረው ቁጢጥ ብለው ወይም ተንበርክከው ስለሚያርፉ የእግራቸው ጡንቻ ከወንበር ተቀማጭ ይልቅ መሥራቱ ነው። ደጋፊ ስለሌለ አካል ራሱን ይደግፋል። የኢትዮጵያ ሸማኔም በጕድጓዱ አፍ ተቀምጦ ሲሠራ እግሮቹ መርገጫውን ይረግጣሉ፥ እጆቹ መወርወሪያውን ይወረውራሉ፤ የሚያንቀሳቅሰው መቀመጫው ሳይሆን ሥራው ነው። በጽሕፈት ቤት ግን ሥራው ከጣትና ከዐይን በቀር ሌላውን አካል አይጠራም፤ የኦፕስቪክ ወንበር ከሥራው የተወሰደውን እንቅስቃሴ ለመቀመጫው ለመመለስ ይሞክራል። ሰውዬው በሐሳብ ሲመሰጥ ግን ቀስቱም ጸጥ ይላል።

ሁለተኛው ጕድለት ከእንጨቱ ውጭ ነው። ጋለን ክራንዝ በ1998 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ የወንበር ቅርጽ ከአካል ፍላጎት ይልቅ በማዕረግና በልማድ ሲወሰን እንደ ኖረ አስረድታለች። ይህን የአማርኛ ቋንቋም ይመሰክራል፤ ጉባኤ የሚመራው ሊቀ መንበር ይባላል፥ ጥንት ፈራጆች ወንበሮች ይባሉ ነበር፥ ሊቅም ተማሪ ሰብስቦ ሲያስተምር ወንበር ዘረጋ ይባላል። ወንበር የሥልጣን ምልክት በሆነበት ስፍራ ጸጥ ብሎ መቀመጥ የጨዋነት ምልክት ይሆናል። በታላቅ ሰው ፊት የሚወዛወዝ ሰው እንደ ደፋር ይቈጠራል፤ በክፍል ውስጥ የሚገላበጥ ተማሪም ይገሠጻል። እንግዲህ ወንበሩ የፈቀደውን ሥነ ሥርዓቱ ይከለክላል።

ስለዚህ የኦፕስቪክ ሥራ ትክክለኛ ቢሆንም ለብቻው ግማሽ ነው። አዲስ መቀመጫ ለትምህርት ቤት የሚያስገቡ ሰዎች አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባቸው ወንበሩ ይንቀሳቀስ እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን፥ ተማሪው ሲንቀሳቀስ መምህሩ ምን እንደሚል፥ ትምህርቱስ ተማሪውን ከመቀመጫው ስንት ጊዜ እንደሚያስነሣው ነው። ይህ ካልተመለሰ ውድ የሆነው ወንበር እንደ ተራው አግዳሚ ሁሉ ጸጥ ብሎ የሚቀመጡበት ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠትም ከነዳፊው ይልቅ የልማድ ተመራማሪው ድርሻ ነው።