ውኃ በመካነ ሰላም በስንት ዲግሪ ይፈላል?

በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውና ሕዝቡ «ፕላዝማ» ያለው የሳተላይት ትምህርት፣ ቤተ ሙከራ ላልነበራቸው ተማሪዎች ሙከራን በቴሌቪዥን አሳይቷል፤ ይህን ጥቅሙን አንክድም። ነገር ግን ማየት መሥራት አይደለም።

ተማሪው «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብሎ ያጠናል፤ ይህ ግን የባሕር ጠለል ልክ ነው። መካነ ሰላም ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውኃውም በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ባቄላ ቶሎ የማይበስለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ለመመርመር ድስት፣ እሳትና አንድ ቴርሞሜትር ይበቃሉ። የወሎ ቦረና ልጅ በገዛ እጁ ለክቶ ከመጽሐፉ የተለየ ቁጥር ሲያገኝ «ለምን?» ይላል፤ ሳይንስም ከዚህ ይጀምራል። ስለዚህ መምህራንን የምናሳስበው፣ በፈተና ላይ 91 ብሎ የጻፈውን ተማሪ ስሕተተኛ ከማድረጋቸው በፊት ውኃውን አብረውት እንዲያፈሉ ነው።