ንግሥተ አዜብ የሄደችው ለጥበብ ነው ወይስ ለአስማት?

ክብረ ነገሥት የተባለውን መጽሐፍ ስሙን የማያውቅ በመካከላችን የለም፤ ዳሩ ግን ከፍቶ ቃሉን እየመረመረ የሚያነበው ጥቂት ነው። የሚበዛው ሰው ታሪኩን የሚያውቀው በሸራ ላይ ከተሳለው ሥዕል ወይም ከአያቶቹ አፍ ነው። እኛም ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ ነገሥታት የትውልድ ሐረግ ወይም ስለ ታቦተ ጽዮን ለመከራከር አይደለም። አንዲት ሴት ሕዝብዋንና የአባቶችዋን አምልኮ ትታ ለትምህርት ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ፣ ደራሲው እንዴት አድርጎ እንደ ጻፋት ለመመልከት ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ሣልስ በ10ኛው ምዕራፍ ያለው ነገር አጭር ነው። የሳባ ንግሥት ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው መጣች፤ እርሱም ሁሉን ፈታላት፤ እንቆቅልሹ ምን እንደ ነበረ ግን አልተጻፈም። ይህ ባዶ ስፍራ የብዙ አገር ጸሐፊዎችን እጅ ጠርቷል፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል ባዶውን የሞሉት በተአምርና በምትሐት ነው። በግሪክኛ የተጻፈው የሰሎሞን ኑዛዜ የተባለው መጽሐፍ ቤተ መቅደሱን ያሠራው በመልአኩ በሚካኤል እጅ በመጣ ቀለበት የታሰሩ አጋንንት እንደ ሆኑ ይናገራል፤ ንግሥቲቱንም በግልጥ ጠንቋይ ብሎ ይጠራታል። በቍርኣን በ27ኛው ሱራ ሁድሁድ የተባለው ወፍ ለፀሐይ የምትሰግድ ንግሥት እንዳለች ለሰሎሞን ያወራል፤ ዙፋንዋ በዐይን ጥቅሻ ከአገርዋ ይመጣል፤ እርስዋም የብርጭቆውን ወለል ውሃ መስሎአት ልብስዋን ትሰበስባለች። ኤኖ ሊትማን በ1904 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው በአክሱም አካባቢ በሚነገረው ታሪክ ደግሞ፣ የዘንዶው ደም ነክቶት እግርዋ የአህያ ሰኮና የሆነባት ሴት መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሰሎሞን ትሄዳለች፤ ደፉን ስትረግጥም እግርዋ ይድናል።

እንግዲህ ክብረ ነገሥትን ያጠናቀረው ሰው በዙሪያው የነበረው ወሬ ይህን የመሰለ ነበር። መጽሐፉን ንቡረ እድ ይስሐቅና ባልንጀሮቹ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደ መለሱት በመጨረሻው ገጽ ተጽፏል፤ ሊቃውንትም ዘመኑን በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያደርጉታል። የዐረቡን ዓለም ተረት አልሰማም ማለት አይቻልም። ሰሎሞን የአዕዋፍን ቋንቋ ያውቅ እንደ ነበረ፣ አጋንንትንም በጥበቡ ያስገድድ እንደ ነበረ አልሸሸገም፤ ነገር ግን በአጭሩ ጠቅሶ ያልፈዋል። ንግሥቲቱን ለዚህ አላስመጣትም። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ትልቅነት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ወሬውን ወደ እርስዋ ያደረሰው ወፍ ሳይሆን ነጋዴ ነው። ታምሪን 520 ግመሎችና 73 ያህል መርከቦች ያሉት ሰው ነው፤ ለቤተ መቅደሱ ሥራ ዕቃ አቅርቦ ሲመለስ ያየውን ይነግራታል። የሚያወራላትም 700 ጠራቢዎችና 800 ግንበኞች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ንጉሡ እንዴት እንደሚፈርድ፣ ባሪያውን ሲያዝዝ ድምፁ እንዴት እንደሚለዝብ ነው። እርስዋም በየማለዳው ትጠይቀዋለች፤ በመጨረሻም ሕዝብዋን ሰብስባ የጥበብ ፍቅር እንደ ያዛት ትናገራለች። ሕዝቡ የመለሰላት መልስ ያስደንቃል፤ ጥበብ ስለማይጎድልሽ ነው ጥበብን የወደድሽው፤ ብትሄጂም እንሄዳለን፤ ብትቀመጪም እንቀመጣለን ይሉአታል። ከዚህ በኋላ 797 ግመሎች ተጭነው፣ ቍጥር የሌለው በቅሎና አህያ ተከትሎ በረሃውን አቋርጣ ትሄዳለች። የሳባ ሰዎች ጥንታዊ ከተማ ማሪብ በየመን በበረሃው ዳር መሆንዋን ያየ፣ በእኛም አገር በየሓ የሳባን ፊደል በድንጋይ ላይ የተመለከተ ሰው፣ ደራሲው በባሕሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን መንገድ አንድ አድርጎ ማየቱን አይነቅፍበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቀን ሠራተኛው ነገር ነው። ንግሥቲቱና ሰሎሞን ሲነጋገሩ አንድ ሰው ያልፋል። ድንጋይ በራሱ ተሸክሟል፤ የውሃ አቍማዳ በአንገቱ አንጠልጥሏል፤ ስንቁንና ጫማውን በወገቡ አስሯል፤ በእጁም እንጨት ይዟል። ልብሱ የነተበ ነው፤ ላቡ ይንጠባጠባል፤ የአቍማዳውም ውሃ በእግሩ ላይ ይወርዳል። ሰሎሞን ያቆመውና ወደ እርስዋ ዘወር ብሎ፣ እኔ ከዚህ ሰው በምን እበልጣለሁ? ብሎ ይጠይቃል። እርሱም እኔም ነገ አፈር ነን፤ እንዲያውም በሥራ እርሱ ይበረታል ይላታል። ሌሎቹ ሰሎሞኖች ለእንግዳቸው የብርጭቆ ወለል ሲያሳዩ፣ የእኛው ሰሎሞን ላብ ያሳያል። እርስዋም ከዚህ ትምህርት በኋላ ፀሐይን ማምለክ ትታ ለፀሐይ ፈጣሪ ለመስገድ ትወስናለች።

ይህን ስናነብ በክታብ ላይ የሚኖረውን ሌላውን ሰሎሞን ማስታወስ ይገባል። መርበብተ ሰሎሞን በሚባለው ጽሑፍ ንጉሡ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ የሚይዝ ነው፤ ብዙ ሰውም ጥቅሉን በአንገቱ አስሮ ይኖራል፤ ክብረ ነገሥትን ግን አልገለጠም። በቋንቋችንም ጠቢብ የሚለው ቃል ክፉ ዕድል ገጥሞታል፤ ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን ጠይብ፣ ቡዳ እያለ የሚሳደብ ሰው ነበረ፤ ዛሬም አልጠፋም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ መከልከላቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሰፈራቸው ወጥተው የማይታወቅ ነገር ተምረው የሚመለሱ ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ምን እንደሚባሉ አንባቢ ያውቀዋል።

ይህን ያህል ካመሰገንን በኋላ ነቀፌታችንን መሸሸግ አይገባንም። ደራሲው በፊት በር ያባረረውን አስማት በጓዳ በር አስገብቶታል። በመጨረሻው ሌሊት ሰሎሞን በርበሬና ቅመም የበዛበት ምግብ ያቀርባል፤ እርስዋም ከቤቱ ምንም ላትወስድ፣ እርሱም በግድ ላይነካት ይማማላሉ። ሌሊት ውሃ ጥም ያስነሣታል፤ ከተቀመጠውም ውሃ ልትጠጣ እጅዋን ስትዘረጋ ይይዛታል። ውሃ መጠጣት መሐላ ማፍረስ ነውን? ስትለው፣ ከሰማይ በታች ከውሃ የሚበልጥ ምን አለ? ይላታል። ሰውን በምግብና በቃል ማሰር የማን ሥራ ነው? መስተፋቅር የሚያበላው ሰው ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል? የሠራተኛው መምህር በአንድ ሌሊት ወጥመድ ዘርጊ ሲሆን፣ ደራሲው ራሱ የተጨነቀ ይመስላል፤ ሰሎሞን ሴቶችን የወሰደው ለዘር እንጂ ለፍትወት አይደለም እያለ ረጅም መከላከያ ይጽፋልና። ጥሩ ታሪክ ጠበቃ አያሻውም ነበር። በዚያው ሌሊት የምትታየው ሕልም፣ ፀሐይ በእስራኤል ላይ አብርታ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ስትሄድ፣ እጅግ የተዋበች ናት፤ ንግሥቲቱ የተወቻት ፀሐይ በምልክት ወደ አገርዋ ትከተላታለች። የእራቱን ነገር ግን ይህ ውበት አይሽረውም።

ሁለተኛው ነቀፌታ ከዚህ ይከብዳል። ልጅዋ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ማክዳ መንግሥትዋን ታስረክበዋለች፤ መኳንንቱንም ከእንግዲህ ሴት በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ እንዳያስቀምጡ በጽዮን ስም ታስምላቸዋለች። ለጥበብ በረሃ ያቋረጠች ሴት ከኋላዋ የሚመጡትን እኅቶችዋን በገዛ አፍዋ ታስቀራለች። ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ይህ መሐላ አላገዳቸውም፤ በጽሑፉ ላይ ግን አለ። ለምን ይህን ተናገረች? ደራሲው ምክንያት አይሰጣትም፤ ትናንት በየማለዳው ትጠይቅ የነበረችው ሴት፣ እዚህ ሌላ ሰው የጻፈላትን ቃል የምታነብ ትመስላለች። የላብ ሰውዬውን ጥያቄ ወደ አገርዋ ይዛ ብትገባ፣ በአደባባይዋም ያንኑ ብትጠይቅ ኖሮ መጽሐፉ ምን በሆነ ነበር!

የግእዙን ቃል ቤዞልድ በ1905 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳትሞታል። ግእዝ የሚያውቅ አንባቢ ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ቢያጣ እንኳ፣ ታምሪን ከመጣበት ጀምሮ ንግሥቲቱ ወደ አገርዋ እስከምትመለስበት ድረስ ያሉትን አሥር ያህል አጫጭር ምዕራፎች በአንድ ማታ ይጨርሳቸዋል፤ የእራቱን ምዕራፍ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያንብበው።