ከካፍ ወንበር በፊት የነበረው አጥቂ

ስለ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ተጫዋችነታቸውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል፦ ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫወቱ፣ 365 ጊዜ ተሰለፉ፣ 318 ጎል አገቡ። ከዚያ ወዲያው ወደ አፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ፕሬዚዳንትነት ይዘለላል። ቁጥሩ ከመደጋገሙ የተነሣ ማኅተም የተመታበት መዝገብ መስሏል። ነገር ግን የአዲስ አበባ ሻምፒዮና የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ስምንት ዓመታት የወዳጅነት ግጥሚያና የጠላት ወረራ ዘመን ናቸው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ድምር መጠቅለል ታሪኩን ያሳጥረዋል እንጂ አያስረዳውም።

በዚያው ዘመን የነበረ እንግሊዛዊ ፕሮፌሽናል ጣጣው ሌላ ነው። ዲክሲ ዲን እ.ኤ.አ. በ1927/28 ለኤቨርተን በሊግ ያገባቸው 60 ጎሎች የተቆጠሩት ከ1888 ጀምሮ በሚካሄድ ውድድር ውስጥ ነው። ደመወዙ ግን ጣሪያ ነበረው፤ ከ1922 ወዲህ በውድድር ወራት በሳምንት ከ8 ፓውንድ፣ በዕረፍት ጊዜ ከ6 ፓውንድ አይበልጥም። ውሉ ቢያልቅም ክለቡ ካልለቀቀው ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። መዝገብም ማሰሪያም ነበረው። የአራዳው ልጅ ይድነቃቸው ግን ሁለቱም አልነበራቸውም።

ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ፤ አባታቸው በግጥምና በዜማ የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሠርቱ ጊዜው ታኅሣሥ 1928 ነበር፤ ጦርነቱ ተጀምሯል። በከተማው ኳስ ሜዳ አርመኖች አራራት፣ ግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ ጣሊያኖች ፎርቲቱዶ የሚል ቡድን ነበራቸው። ይህን የከተማ ኳስ ያለ ጅቡቲው ባቡር ማሰብ ይከብዳል። ብሔራዊ ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1947 በመጀመሪያ ጨዋታው 5 ለ 0 ያሸነፈውም በሐዲዱ ሌላኛው ጫፍ ያለችውን የፈረንሳይ ሶማሊላንድን ነው።

የይድነቃቸው የተጫዋችነት ዘመን እምብርት ግን የጣሊያን ወረራ ይመስለኛል። ክለቡ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። የአገሬው ቡድኖች ከነጮቹ ጋር እንዳይጋጠሙ ተከለከለ። ጎል የማግባት ችሎታ ያለው ወጣት ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚወስንለት የቆዳው ቀለም ሆነ።

ነጻነት ሲመለስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና የወሰደው (ነገሩ ፈገግ ያሰኛል) የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነው።

በየካቲት 1949 ካርቱም ላይ ካፍ ሲመሠረት ደቡብ አፍሪካ ለአፍሪካ ዋንጫ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም አለች። ከውድድሩ እንድትወጣ ጠንከር ያለ አቋም ከያዙት አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። የሕይወት ታሪካቸው ጸሐፊዎች ይህን የዲፕሎማትነት ጅማሬ አድርገው ያቀርቡታል። ለእኔ ግን በዘር የተከፈለ ሜዳ ላይ የሮጠ አጥቂ ንግግር ነው፤ ያን ጊዜ ገና ጫማቸውን አልሰቀሉም፣ ያቆሙት በ1950 ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954፣ አሠልጣኝ ሆነው የአፍሪካን ዋንጫ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ሲወስዱ አምበላቸው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አሥመራ የተወለደ፣ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ የጣሊያን ወታደር። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው እሱ ነው።