በአንድ እግር መቆምና አለመውደቅ

የስኳር በሽታ ነርቭን ሲጎዳ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ጣቶች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ውስጥ እግሩ የረገጠውን ነገር በደንብ ስለማይነግረው በሽተኛው ቀጥ ብሎ ለመቆም በዓይኑና በውስጠኛው ጆሮው ላይ ይደገፋል። ሮምበርግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ምእተ ዓመት ያስተዋለው ይህንኑ ነበር። የእርሱ በሽተኞች ሕመማቸው ሌላ ቢሆንም፣ የእግሩ ስሜት የጎደለ ሰው ዓይኑን ሲጨፍን ይንገዳገዳል። መብራት በጠፋበት ሌሊት ከአልጋው የሚነሣው የስኳር ሕመምተኛም ዕድሉ ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንዲህ ላለው ሰው የሰውነት ማጠንከሪያ ሚዛንን ያሻሽላል የሚለው አሳብ በሰፊው የሚነገር ስለ ሆነ፣ በአሜሪካ የተደረጉ ሁለት ጥናቶችን አንሥተን አስተያየታችንን እናቀርባለን።

የመጀመሪያውን ሪቻርድሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በሚቺጋን አወጡት። የስኳር በሽታ ነርቫቸውን ከጎዳባቸው 20 ሰዎች 10ሩ ለ3 ሳምንት የቁርጭምጭሚትን ጡንቻ የሚያጠነክርና ሚዛንን የሚያለማምድ ሥራ ሲሠሩ፣ 10ሩ ለማነጻጸሪያ ተቀመጡ። የሠሩት ሰዎች በአንድ እግር የሚቆሙበት ጊዜ ረዘመ፤ ቆመው ወደ ፊት ሲንጠራሩ እጃቸው የሚደርስበትም ራቀ። በ3 ሳምንት ይህን ያህል መገኘቱ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ሳይወድቁ ለመንቀሳቀስ ምን ያህል በራሳቸው እንደሚተማመኑ ሲጠየቁ፣ የታየው መሻሻል በስታቲስቲክስ ረገድ የሚያስተማምን አልሆነም። በእኛ አስተያየት ከሰከንዶቹ ቍጥር ይልቅ ሊጤን የሚገባው ይህ ነው፤ መውደቅን የሚፈራው በሽተኛው እንጂ ሰዓት ያዡ አይደለምና።

ሁለተኛው ጥናት በሚዙሪ 79 ሰዎችን አንድ ዓመት ሙሉ ተከታተለ። ሠራተኞቹ ቡድን እግራቸውን ያጠነክሩ፣ ሚዛናቸውን ያለማምዱና ይራመዱ ነበር። በ2008 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ይህ ሁሉ የእግር ቁስልን አላበዛም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀድሞ ስሜት በሌለው እግር ብዙ ከመራመድ ብስክሌትና ዋና ይሻላል እየተባለ ይመከር ነበርና። በ2010 የወጣው ሁለተኛ ክፍል ግን የወደቁትን ሲቈጥር በሁለቱ ቡድኖች መካከል የረባ ልዩነት አላገኘም። ከ12 ወር በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአንድ እግር በመቆም ረገድ ጥቂት መሻሻል ብቻ ታየ።

እንግዲህ ሁለቱን ጐን ለጐን ያነበበ ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ የሰከንዶቹ መጨመር ለአለመውደቅ ዋስ ይሆናልን? ተሳታፊዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ልምምዱም ሳይለሰልስ አልቀረም የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል፤ እኛም አንክደውም። ነገር ግን መከራከሪያው ገና አልታወቀም ለማለት ያበቃል እንጂ ተረጋግጧል ለማለት አያበቃም። ደግሞም በደልዳላ ወለል ላይ በአንድ እግር መቆም ሌላ፣ እግር ድንጋይ ሲመታው በዓይን ቅጽበት ሌላውን እግር አንሥቶ ራስን ማዳን ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ለክቶ ስለ ሁለተኛው መናገር፣ አንድን ተማሪ በቃል ጥናቱ መዝኖ ጽሕፈት ያውቃል እንደ ማለት ነው።

ልምምዱ ይቅር አንልም፤ እንዲያውም ቁስልን ካላበዛ ይታዘዝ እንላለን። የምንቃወመው ለበሽተኛው «ከእንግዲህ አትወድቅም» ብሎ መንገርን ነው፤ ይህን የሰማ ሰው ምርኩዙን ከበሩ ኋላ አቁሞ ይወጣልና። ወደ ፊት ይህን ጥናት የሚይዙ ሰዎች ልምምዱን ወጣ ገባ በሆነ መሬትና በድንገተኛ እርምጃ ላይ ቢያደርጉት፣ በሽተኛው የወደቀበትንም ቦታና ሰዓት፣ ብርሃን መኖር አለመኖሩንም ጭምር፣ በየወሩ ቢመዘግቡ እንወዳለን።