አይሱዙ ሲያጌጥ

ከሚኤሶ ሜዳ ተነስቶ ወደ ጭሮ የሚወጣው አስፋልት ቀን ላይ የማሽላ ማሳና የጨርጨርን ተራሮች ያሳያል። ከመሸ በኋላ የሚታየው የመኪና መብራት ብቻ ነው። ከላይ የሚወርድ ሹፌር ከታች የሚመጣውን አይሱዙ መጀመሪያ የሚያየው በጥቂት ነጥቦች ነው፦ ሁለት ነጭ ከፊት፣ ከጋቢናው አናት ላይ አምስት ቢጫ፣ በስፖንዳው ጎን የተዘረጋ አንድ መስመር። ከእነዚህ ተነስቶ የመኪናውን ስፋትና ርቀት መገመት አለበት፤ ያውም ኩርባ ላይ፣ በሰከንዶች ውስጥ። ለጌጥ ተብሎ መብራት የሚገጥም ባለሙያ፣ ልብ ቢለውም ባይለውም፣ ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ሹፌር ስለ መኪናው ይነግረዋል። የሚነግረው እውነቱን ነው ወይስ ውሸት? የዚህ ሙያ ትልቁ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጭሮ፣ ብዙ ሹፌር ዛሬም አሰበ ተፈሪ የሚላት፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ወደ ሐረር፣ ድሬዳዋና ጅግጅጋ የሚያልፈው ጭነት ከአዋሽ ተነስቶ በአሰቦትና በሚኤሶ በኩል ይደርስባታል፤ ከእሷ በኋላ መንገዱ በአርበረከቴ አድርጎ ወደ ሂርናና ቁሉቢ ይቀጥላል። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ የበዴሳና የገለምሶ መኪኖች ወደ ዋናው መንገድ የሚወጡት በእሷ በኩል ነው። በዚህ መንገድ የሚጫነው ጫት የሚያወጣው ዋጋ በትኩስነቱ ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ስለዚህ ጫት የጫነ መኪና እስኪነጋ አይጠብቅም። ሕዝቡ ለአይሱዙ «አልቃይዳ»፣ ለሲኖትራክ «ቀይ ሽብር» የሚል ቅጽል ሲያወጣ ከጥድፊያውና ከአደጋው ተነስቶ ነው፤ ቀልዱ መራራ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ መኪና ማስጌጥ አዲስ ነገር አይደለም። ከኤልኢዲ በፊት በቀለም የተጻፈ ጥቅስ፣ የመላእክት ሥዕል ወይም የቁርኣን ቃል፣ ከፓራፋንጎው ሥር የተንጠለጠለ ጎማ፣ ጋቢና ውስጥ ባለ ዘርፍ መጋረጃ ነበረ። መብራትም ነበረ፤ ግን ባለ 5 ዋት አምፖል ነው። አሥር አምፖል 50 ዋት ይበላል፣ የሚሰጠውም አሥር ነጥብ ነው። በዚያ ላይ ውስጡ ያለው ክር በኮረኮንች መንገድ ንቅናቄ ይበጠሳል። ኤልኢዲ የሚበጠስ ክር የለውም፤ በሜትር 4.8 ዋት የሚበላው ቀጭኑ የኤልኢዲ ጥብጣብ (ስትሪፕ) ደግሞ በዚያው 50 ዋት አሥር ሜትር መስመር ያበራል። ቀዩ ኤልኢዲ ከእ.ኤ.አ. 1962 ጀምሮ ይታወቃል። ሰማያዊውን ለማግኘት ግን ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ ያለ ሰማያዊው ነጩ አይገኝም ነበር። ሦስቱ የጃፓን ተወላጅ ተመራማሪዎች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤልን የወሰዱት ለዚሁ ነው። ዛሬ ሂርና ላይ የቆመ ባጃጅ በወንበሩ ሥር የሚያበራው ሰማያዊ መብራት የዚያ ሥራ ውጤት ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። መለስተኛውም ከባዱም የጭነት መኪና በአብዛኛው 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተከታትለው ይታሰራሉ። በገበያ በርካሽ የሚገኘው ስትሪፕ ደግሞ አብዛኛው ባለ 12 ነው። በዚህ ልዩነት ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል።

ሰነፉ መፍትሔ ከሁለቱ ባትሪዎች መሃል መስመር መሳብ ነው። ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ይወጣል፣ መብራቱ ወዲያው ይበራል፣ ሹፌሩ ይደሰታል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ዲናሞው ግን ሁለቱንም ባትሪዎች የሚሞላው በአንድ መስመር በተመሳሳይ መጠን ነው። መብራቱን የተሸከመው ባትሪ ሁልጊዜ ሳይሞላ ይቀራል፤ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላና ውኃው እየተነነ ያልቃል። ከወራት በኋላ መኪናው ጠዋት አልነሳም ሲል የሚወቀሰው ባትሪ ሻጩ ነው፤ መብራቱን ማንም አያስታውስም። ይህን አሠራር «ምንም አይል» እያሉ የሚከላከሉ አሉ። ምንም የማይለው ገጣሚውን ነው።

ሁለተኛው መንገድ እኩል ርዝመት ያላቸውን ሁለት ባለ 12 ስትሪፖች ተከታትለው እንዲሠሩ ማሰር ነው። በሒሳብ ልክ ነው። ነገር ግን ከአንዱ ላይ አንድ ክፍል ሲሞት የሁለቱ ሚዛን ይዛባል፤ ጫናው በቀሩት ላይ ያርፋል፣ እነሱም ተራ በተራ ይከተላሉ። ከሁሉ የሚሻለው ባለ 24 ስትሪፕ ፈልጎ መግዛት ነው። ካልተገኘ፣ ብዙ ሹፌር ለቴፑ የሚያስገባው ዓይነት ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ይገባል፤ ኮንቨርተሩ ግን የመብራቱን ዋት የሚችል መሆን አለበት፣ የቴፕ ኮንቨርተር ሁሉ አይችልም።

ኮንቨርተሩ ሌላም ጥቅም አለው፦ ቮልቱ 12 ላይ እንዲጸና ያደርጋል። ባለ 12 ስትሪፕ ሲታይ ሦስት ሦስት መብራትና አንድ ትንሽ ሬዚስተር እየሆነ የተሠራ ነው። ሦስቱ ነጭ መብራቶች በአንድነት 9.6 ቮልት ገደማ ይወስዳሉ፤ የቀረውን 2.4 ሬዚስተሩ ይይዛል። ያለ ኮንቨርተር በቀጥታ ከታሰረ ግን፣ ሞተር ሲነሳ የመኪናው 12 ቮልት 14 አካባቢ ይደርሳል። መብራቶቹ ብዙም ጨምረው ስለማይወስዱ ትርፉ ሁሉ ሬዚስተሩ ላይ ይወድቃል፣ የሚያልፈው አምፒርም ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። መብራቱ ደምቆ ያምራል፤ ይሞቃልም። ኤልኢዲን የሚገድለው ሙቀት ነው። ባጃጆች ላይ በቀጥታ የተገጠሙ ስትሪፖች በየሦስት በየሦስቱ እየጠቆሩ የሚታዩት ከዚህ የተነሳ ነው፤ ከባትሪው ማነስ ጋር ተዳምሮ ባጃጅ ከአይሱዙ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥሩ ገጣሚ ሥራውን የሚጀምረው በጨርቅና በቤንዚን ነው። ስትሪፑ በጀርባው ያለው ማጣበቂያ አቧራና የናፍጣ ቅባት ያለበት ላሜራ ላይ አይቆይም፤ ለመጀመሪያው ዝናብ እንኳ አይደርስም። ላሜራው ተወልውሎ ከደረቀ በኋላ ስትሪፑ በስፖንዳው ከንፈር ሥር፣ ድንጋይና ገመድ በማይነካው በኩል ይለካል። ሲቆረጥ በክፍልና በክፍል መካከል በተሰመረችው መስመር ላይ ብቻ ነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ወዲያ ወይም ወዲህ ካለ ክፍሉ በሙሉ ይሞታል። ከላይ የለበሰው ሲሊኮን በምላጭ ተልጦ የመዳቡ ዓይን ሲገለጥ ሽቦው በስታኞ ይበየዳል። የስታኞው ጠብታ ወለል ብላ የምታብረቀርቅ ከሆነ ይዟል፤ ደብዝዛ ከተቆለለች በነጋታው ትለቃለች።

ቀጥሎ የተቆረጠው አፍ ይታሸጋል። እዚህ ላይ ብዙዎች በአንድ ነገር ይታለላሉ፦ ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፤ መዳቡንም ይበላዋል። ውኃ እንዳይገባ የታሸገው ጫፍ ከውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይበሰብሳል። የማይሸተው ዓይነት ይሻላል፣ በላዩም በእሳት የሚሰበሰብ ቱቦ።

ሽቦውም በቁጥር የሚታሰብ ነው። በሜትር 14.4 ዋት የሚበላ ደማቅ ስትሪፕ 12 ሜትር ቢገጠም 173 ዋት ያህል ይሆናል፤ በ24 ቮልት ሲካፈል 7.2 አምፒር ነው። ባለ 2.5 ሽቦ ይበቃዋል፣ ባለ 10 ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ ይገባለታል። ፊውዙን ጋቢና ውስጥ ከስዊቹ ጎን ማስቀመጥ ለእጅ ይመቻል፤ ነገር ግን በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ሁሉ ጠባቂ የለውም። ሽቦ በሻሲው ቀዳዳ ሲያልፍ የጎማ ቀለበት ካልተደረገለት፣ ከአሰበ ተፈሪ ገለምሶ ደርሶ መልስ ያለው ንቅናቄ ልባሱን ፍቆ ያራቁተዋል። ሸራ የተጠፈረበት ጭነት ሥር የሚነሳ ብልጭታ ምን እንደሚያደርግ ለሹፌር መንገር አያስፈልግም።

እነዚያ 7.2 አምፒሮች ሌላም ሒሳብ አላቸው። መብራቱ ሞተር ጠፍቶ 12 ሰዓት ሲበራ ቢያድር 86 አምፒር ሰዓት ይበላል፤ ይህ የብዙ መለስተኛ የጭነት መኪና ባትሪዎችን አቅም የሚጨርስ ነው። ስለዚህ መስመሩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ እንዲበራ በሪሌይ ይታሰራል። ቁርስ ቤት ፊት ለፊት አቁሞ መኪናውን ለማሳየት የሚፈልግ ባለንብረት ይህን አይወደውም። አለመውደዱም ይገባል፤ ጌጥ ለመታየት ነው።

ከባለጉዳይ ጋር የሚደረገው ዋናው ክርክር ግን በቀለምና በቦታ ላይ ነው።

«አቦ፣ ከፊት ሰማያዊ ብልጭ ድርግም የሚለውን አድርግልኝ፤ ከሩቅ ይለዩኝ።»

«ወንድሜ፣ ሰማያዊውን ጋቢና ውስጥ እሰጥሃለሁ። ከፊት ቢጫ ነው። ብልጭ ድርግም የሚል ሰማያዊ አምቡላንስ ነው ብሎ መንገድ የሚለቅልህ ሰው፣ አይሱዙ መሆንህን ሲያይ ምን ይልሃል?»

እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ቀይ መብራት ወደ ፊት እንዳይታይ፣ ከኋላ ማርሽ መብራት በቀር ነጭ ወደ ኋላ እንዳይታይ ይላል። ደንቡን ያላነበበ ሹፌርም በዓይኑ ያውቀዋል፦ ቀይ ካየ መኪናው ከፊቱ እየሄደ ነው፣ ነጭ ካየ እየመጣበት ነው። ከኋላ በነጭ ስትሪፕ የተከበበ ካሶኒ፣ ተከትሎት ለሚመጣው ሰው ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ይመስላል። ጠጋ ብሎ ሲረዳው ፍሬን ለመያዝ ጊዜ የለውም።

ቦታም እንዲሁ ነው። የጎን መስመር ከካሶኒው ዳር ገባ ብሎ ከተገጠመ መኪናው ከልኩ የጠበበ ይመስላል፤ ከጭሮ ወደ አርበረከቴ በሚወጣው ኩርባ ላይ ይህ የአንድ ክንድ ስህተት ነው። ከዳር እስከ ዳር፣ ከከንፈሩ ጫፍ ላይ ሲሆን ግን ጌጡ ራሱ ስፋቱን ይናገራል። በፍሬቻ ዙሪያ የተጠመጠመ ደማቅ ቢጫ ፍሬቻውን ይውጠዋል፤ በስቶፕ ዙሪያ ያለ ቀይም ፍሬን ሲያዝ ልዩነቱን ይሰውራል። ባለሙያው በዙሪያቸው ቢያንስ አንድ መዳፍ ጨለማ ይተዋል። አስቀያሚ የሚመስለው ይህ ክፍተት ከጠቅላላው ሥራ ምርጡ ቁራጭ ነው።

ብዙ ማብራት በራሱ ወንጀል አይደለም። የአይሱዙ አገር ጃፓን በዚህ ረገድ ሐረርጌን አሥር እጥፍ ታስከነዳለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከሰሜን ዓሣ የሚያመላልሱ ሹፌሮች መኪናቸውን በክሮምና በመቶ አምፖሎች ሸፍነው «ዴኮቶራ» የሚባል ሥርዓት ፈጠሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 «ቶራኩ ያሮ» በሚል ርዕስ አሥር ፊልም ተሠራላቸው። እነዚያም ቶሎ የሚበላሽ ነገር ይዘው ሌሊት የሚበርሩ ሰዎች መሆናቸው አጋጣሚ አይመስልም። ሌሊቱን ብቻውን የሚነዳ ሰው መኪናውን ቤቱ ያደርገዋል፤ ቤቱን ደግሞ ያስጌጣል።

ሁለት ስዊች መሥራት ከዚህ ጋር የሚስማማ ልማድ ነው። አንደኛው የጎንና የአናት መስመሮችን፣ ሁለተኛው ጋቢና ውስጥ ያለውንና ከመስታወቱ በላይ የተዘረጋውን ይይዛል። ከጭሮ በላይ ከፍታው ላይ ጉም ሲወርድ የመስታወቱ ብርሃን ተመልሶ የሚያርፈው በሹፌሩ ዓይን ላይ ነው፤ ሁሉም በአንድ ስዊች ከታሰረ ሹፌሩ ወይ ታውሮ ይነዳል፣ ወይ የጎኑንም አጥፍቶ ራሱን ይሰውራል። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብም ሁለተኛው ስዊች ይዘጋል፤ ተቆጣጣሪው አንደኛውን አይቶ የሚለው ብዙ አይኖረውም።

ሥራው የሚጨናነቀው ወደ ታኅሣሥ ነው። የቁሉቢ ገብርኤል በዓል በታኅሣሥ 19 ሲውል ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገደኛ በጭሮ ያልፋል፤ የአካባቢው ባለመኪናም በዚያ ሰሞን ደምቆ መታየት ይፈልጋል። በዋዜማው መጥቶ «በሁለት ሰዓት ጨርስልኝ» የሚል አይጠፋም። በሁለት ሰዓት ላሜራ ይወለወላል፣ የአናቱ አምስት ቢጫ ይገጠማል፣ ፊውዝ ይገባል። የስፖንዳው መስመር ግን በሁለቱም ጫፍ ካልተመገበ መጨረሻው ይደበዝዛል፤ ለዚያ ሽቦ በሻሲው መዞር አለበት፣ ሲሊኮኑም ማደር ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ባለጉዳይ አምስቱን ቢጫ ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ከበዓሉ በኋላ ነው።