ገንዘብ የማይቆጠርበት ቋንቋ

የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሳስተምር፣ የሚቆጠሩና የማይቆጠሩ ስሞች ላይ ስንደርስ ክፍሉ የሚነቃው «መኒ» አይቆጠርም ስል ነው። «ቲቸር፣ ታዲያ ባንክ ቤት የሚቆጥሩት ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። ደስ የሚለኝ ጥያቄ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ የምትቆጥረው ብሩን፣ ዶላሩን፣ ሳንቲሙን ነው። «ቱ ዶላርስ» ይባላል፤ «ቱ መኒስ» ግን አይባልም።

«በጣት መቁጠር የምንችለው ነገር ሁሉ ይቆጠራል» የሚለውን የተለመደ ትርጓሜ ማስተማር አልወድም፤ ተማሪውን ዕቃውን እንዲመረምር ይልከዋል፣ መልሱ ግን ዕቃው ውስጥ የለም። ስንዴና አጃን እንይ። ሁለቱም እህል ናቸው፤ ፍሬያቸውም ያው ጥቃቅን ነው። እንግሊዝኛ ግን ስንዴን «ዊት» ብሎ በጅምላ ሲጠራው፣ አጃን «ኦትስ» ብሎ በብዙ ቁጥር ይጠራዋል። ሩዝ አይቆጠርም፣ ምስር ይቆጠራል። የአተር ታሪክማ ይብሳል። ድሮ «ፒዝ» እንደ ስንዴ የጅምላ ስም ነበር። መጨረሻው ላይ ያለው «ዝ» የብዙ ቁጥር ምልክት ስለመሰላቸው፣ ሰዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ «ፒ» የሚል ነጠላ ስም አወጡለት። አተሩ ያው አተር ነው፤ የተለወጠው አጠራሩ ብቻ ነው። ዴንማርካዊው የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን በ1924 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሰዋስው መጽሐፉ፣ እንዲህ ያሉትን የጅምላ ስሞች ሲዘረዝር የማይጨበጡትንም፣ ለምሳሌ ሙዚቃን፣ አብሮ አስገብቷቸዋል።

የኛ ተማሪ የሚቸገረው በሁለት በኩል ነው። አማርኛ «ሁለት በግ»፣ «ሦስት ልጅ» ሲል ብዙ ቁጥሩን የግድ አይልም፤ ስለዚህ «ቱ ቡክ» ብሎ ይጽፋል። ምክሮች፣ መረጃዎች፣ የቤት ዕቃዎች ማለት ደግሞ ለምዷልና «አድቫይስስ»፣ «ኢንፎርሜሽንስ»፣ «ፈርኒቸርስ» ይላል። «ማች» እና «ሜኒ»ም ለእሱ ሁለቱም «ብዙ» ናቸው። ይህን ስንፍና የሚሉ መምህራን አሉ፤ እኔ አልስማማም። ልጁ የራሱን ቋንቋ ሥርዓት በትክክል እየተከተለ ነው።

ስለዚህ ደብተር ላይ «አድቫይስ ማለት ምክር» ብቻ ተጽፎ እንዲያልፍ አልፈቅድም። ስሙ ከነባልደረቦቹ ይጻፍ፦ «ማች አድቫይስ»፣ «ኤ ፒስ ኦቭ አድቫይስ»። ጮክ ብለው ደጋግመው ሲያነቡት ጆሯቸው ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ «ሜኒ አድቫይስ» ራሱ ይጎረብጣቸዋል። ደንቡን በቃል ከማስጠናት ይህ ይበልጣል።

የሚከብደው ሁለቱንም የሚሆነው ስም ነው። ራስ ላይ ያለው ፀጉር «ሄር» ነው፣ አይቆጠርም። ሾርባ ውስጥ የተገኘችው አንዲት ዘለላ ግን «ኤ ሄር» ናት። «አይ ላይክ ቺክን» ያለ ሰው የዶሮ ሥጋ ይወዳል፤ «አይ ላይክ ቺክንስ» ያለው ዶሮዎቹን ነው። ካፌ ገብቶ «ቱ ኮፊስ» የሚል ሰውም አልተሳሳተም፤ እኛም «ሁለት ቡና» ብለን ስናዝ ሁለት ስኒ ማለታችን ነው። እዚህ ላይ መዝገበ ቃላት አስወጣቸዋለሁ። ለተማሪዎች የተዘጋጁት «ሲ» ለሚቆጠር፣ «ዩ» ለማይቆጠር እያሉ ምልክት ያደርጋሉ። «ሄር» ሥር ሁለቱም አሉ፤ የትኛው ምልክት ከየትኛው ፍቺ ጋር እንደሚሄድ አንብበው፣ ለእያንዳንዱ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይሠራሉ።