የአርክቴክት ስኬች ሲመዘን

የታላላቅ አርክቴክቶች የእርሳስ ስኬቾች ዛሬ በሙዚየም መስታወት ሥር ይታያሉ። ተመልካቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቀው የእጁን ቅልጥፍና ነው፦ መስመሩ ሳያመነታ መውረዱን፣ አራት አምስት ጭረት ሕንፃ መስሎ መታየቱን። ይህ መለኪያ ለሠዓሊ ይሆን ይሆናል፤ ለአርክቴክት ግን አይበቃም። የሠዓሊው ሥራ እዚያው ወረቀቱ ላይ ያልቃል። አርክቴክቱ የሚጭረው ገና ላልተሠራ ነገር ስለሆነ ጥሩነቱ የሚታወቀው ቀጥሎ በሚመጣው ወረቀት፣ ከዚያም በግንባታው ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት ስኬቾች አንዱ የዴንማርካዊው ዮርን ኡትዞን የሲድኒ ኦፔራ ሐውስ ንድፍ ነው፤ እንደኔ ግን በስህተት ከሚደነቁትም ግንባር ቀደሙ እሱ ነው።

ኡትዞን እ.ኤ.አ. በ1918 ኮፐንሃገን ተወለደ፤ ያደገው ግን ኦልቦርግ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አባቱ ኦገ ኡትዞን የመርከብ መሐንዲስና የመርከብ መሥሪያ ኃላፊ ነበር፤ የመዝናኛ ጀልባዎችንም ይነድፋል፤ ልጁም በንድፉና በሞዴሉ ሥራ ያግዘው ነበር። በ1930 ወላጆቹ የስቶክሆልምን ኤግዚቢሽን አይተው ሲመለሱ የቤታቸውን ከባድ የቤት ዕቃ በቀላልና ብርሃን በሚያስገባ አኗኗር ለወጡት። ከዚህ ተነሥቶ የሚነገረው የተለመደ ታሪክ «አባቱ ጀልባ ሠራ፤ ልጁ ሸራ የሚመስል ጣሪያ ሠራ» የሚል ነው። ለአስጎብኚ የሚመች ታሪክ ነው፤ ሥራን ለሚመዝን ሰው ግን ብዙም አይጠቅምም። የጀልባ ነዳፊ አንድን ጎባጣ አካል ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ስሎ አያውቅም። ከጎን ይስለዋል፣ ከላይ ይስለዋል፣ ከዚያም እንደ ዳቦ በየርቀቱ ቆርጦ እያንዳንዱን ቁራጭ ይስላል። ሦስቱ ካልተስማሙ ጎድኑ አይገጥምም፤ ጣውላውም አይቀመጥም። ከእንዲህ ያለ ጠረጴዛ አጠገብ ያደገ ልጅ የሚወርሰው ቅርጽ አይደለም፤ ቅርጽን በቁርጡ የማየት ልማድ ነው። ስለዚህ የቤተሰብን አሻራ የሚፈልግ ሰው የሕንፃውን መልክ ትቶ የአሠራሩን ዘዴ ቢመረምር ይሻለዋል።

233 ሥራዎች ቀርበውበት የነበረውን ውድድር ኡትዞን በጥር 1957 ሲያሸንፍ፣ ዳኞቹ ራሳቸው ንድፎቹ እጅግ ያልተብራሩ መሆናቸውን በሪፖርታቸው አምነው ነበር። ስኬቹን የሚያይ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ከላይ ባሉት ነጫጭ ቅርፊቶች ላይ ነው። ከሥራቸው ያለውን አግድም መስመር ልብ የሚል ጥቂት ነው። ያ መስመር መድረኩ ነው፦ ሰው ሰፊውን ደረጃ ወጥቶ ከወደቡ በላይ የሚቆምበት፣ ከሥሩ ደግሞ የጭነት መኪናውና የጓዳው ሥራ ሁሉ የሚደበቅበት። ኡትዞን በ1949 ሜክሲኮ ሄዶ ጥንታዊዎቹን የድንጋይ መድረኮች አይቷል፤ በ1962 ስለ መድረኮች ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ስኬቾችም በጠፍጣፋ መሬት ላይ የተንሳፈፈ ጣሪያ ወይም ደመና ከመሆን አያልፉም። የሲድኒን ቦታ ከውድድሩ በፊት በአካል አላየውም፤ ያጠናው የወደቡን የባሕር ካርታ ነው። ሌላ አርክቴክት ፎቶግራፍ ይለምን ነበር፤ የመርከብ ሠሪ ልጅ ግን ምድሩን ከውኃው ወገን አነበበው። ሕንፃው ፊትና ጀርባ ሳይኖረው ከጀልባም፣ ከድልድይም፣ ከሰማይም የሚታየው ለዚህ ይመስለኛል።

ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ያ የተደነቀ ስኬች ሊሠራ የማይችል ነበር፤ የኦቭ አራፕ መሐንዲሶች እስከ 1961 ድረስ ጣሪያውን በአንዱ ቅርጽ ከዚያም በሌላው ሲሞክሩ ኖሩ፤ 7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይፈጃል የተባለው ሕንፃ 102 ሚሊዮን ፈጅቶ በ1973 ተከፈተ። ከጥፋቱ ከፊሉ የፖለቲከኞቹ ነው፤ ንድፉ ሳያልቅ ግንባታው በ1959 እንዲጀመር ገፍተዋል። ያም ሆኖ የቅርፊቶቹ መስመር የሚታወቅ ጂኦሜትሪ አልነበረውምና በዚያ በኩል ስኬቹ ደካማ ነበር ብል አላፍርም። ተቃውሞው የሚጎዳው በመስመር ውበት የሚፈርደውን ሰው ነው። መፍትሔው የመጣው ሁሉም ቅርፊት 75 ሜትር ገደማ ራዲየስ ካለው ከአንድ ሉል እንዲቆረጥ ሲወሰን ነው፤ ያኔ ጣሪያው በየቦታው በሚደጋገሙ ጎድኖች ተከፋፈለና 2,194 ተገጣጣሚ የኮንክሪት ክፍሎች ተሠሩለት። ሐሳቡ መጀመሪያ የማን ነበር የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ዘዴው ግን የመርከብ መሥሪያው ዘዴ ነው። ቅርፊቶቹ አራት ዓመት ሲለዋወጡ የመድረኩ መስመር እዚያው ጸንቶ ቆየ።

ሌላው ተቃውሞ የቤተሰብ ነገር ወደኋላ ተመልሶ የሚለጠፍ ነው የሚል ነው፤ የመርከብ ሠሪ ልጅ ሁሉ አርክቴክት አይሆንምና። እውነት ነው። ስለዚህ የሚያሳምነው ምስክር ከወላጅ ሙያ ጋር በመልክ ጭራሽ የማይመሳሰል ሥራ ነው። የፊንላንዱ አልቫር አልቶ የመሬት ቀያሽ ልጅ ነው፤ ያደገው የአባቱ ረዳቶች ካርታ በሚስሉበት ትልቅ ነጭ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። የቪፑሪን ቤተ መጻሕፍት ሲያስብ ስለ መጻሕፍት መደርደሪያ አልጫረም፤ ብዙ ፀሐይ የሚያበራላቸውን ተራሮችና ተዳፋቶች ሳለ። የሕፃን ጨዋታ ይመስላል። በ1935 ያለቀው የንባብ አዳራሽ ግን ወለሉ እንደ ተዳፋት በደረጃ የሚወርድ፣ ጣሪያውም ክብ ክብ መስኮቶች ያሉት ሆነ፤ ብርሃኑ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጣ የአንባቢው ጥላ ገጹ ላይ አያርፍም። ፀሐዮቹ መስኮት፣ ተዳፋቱ ወለል ሆኑ ማለት ነው። መሬትን በከፍታ ልዩነት ማየት ከቀያሽ ጠረጴዛ የተገኘ ትምህርት ነው፤ ሕንፃው ግን ካርታ አይመስልም።

በተግባር ሲመዝኑ አንድ ወረቀት ብቻ አይቶ መፍረድ አይገባም። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ለመጽሔት ተብሎ የሚጫር ስኬች አለ፤ በጣም ያምራል፤ ማመንታት የለበትም፤ መልሱ አስቀድሞ ታውቋልና። የእውነተኛው መለያ ተከታታይነቱ ነው፦ ያው ማዕዘን ስድስት ጊዜ ሲደጋገም፣ ፕላንና ሴክሽን (ከላይ የታየውና በቁርጥ የታየው ንድፍ) በአንድ ገጽ ሲጨቃጨቁ፣ ለሚዛን የቆመ ትንሽ ሰው ሲኖር። ዛሬ ኮምፒውተር አለ የሚል ቢኖር መለኪያው አይለወጥም፤ በስክሪንም ቢሆን ቁርጡን የማያሳይ ምስል ገና አልታሰበበትም።

የኡትዞን ምርጥ ስኬች የትኛው ነው ብባል ሲድኒን አልጠራም። ኮፐንሃገን አጠገብ በ1976 ላለቀው የባግስቬርድ ቤተ ክርስቲያን የሠራቸውን ሁለት ወረቀቶች እመርጣለሁ። በአንዱ ሰዎች በባሕር ዳርቻ ከተጠቀለለ ደመና ሥር ይሄዳሉ፤ በሌላው ሰዎቹ ምእመናን፣ ደመናው የኮንክሪት ጣሪያ ሆኗል። ከውጭ ሲታይ ሕንፃው መጋዘን ይመስላል፤ ስኬቹ ያለው ውስጡ ነው። በሲድኒ ግን ኡትዞን በ1966 ሥራውን ለቆ ስለሄደ ትልልቆቹን አዳራሾች ከውስጥ የጨረሷቸው ሌሎች አርክቴክቶች ናቸው።